ብሎኑን ፍቱት!

የቡና መፈልፈያ ሞተር ሲቆም ጅማ ውስጥ ማንም አልቅሶ አይቀብረውም። መካኒክ ይጠራል፤ ሞተሩ ይበተናል፤ ያለቀው ኩሽኔታ ይወጣል፤ ቺንጋው ይቀየራል፤ ወቅቱ ሳያልፍ ማሽኑ መልሶ ይጮኻል። አጋሮም፣ ሊሙ ገነትም፣ ሰቃም እንዲሁ ነው። በከተማችን የሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባጃጅ ነጂም ካቻቢቴና ፒንሳ ከመቀመጫው ሥር አይለየውም። ይህ ሁሉ ባለ እጅ፣ ይህ ሁሉ ደፋር የሞላበት አገር ኮምፒውተር ሲገጥመው ግን እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። «አትንካው! ታበላሸዋለህ!» አባት ለልጁ ይላል፤ መምህር ለተማሪው ይላል፤ ኃላፊ ለሠራተኛው ይላል። በአቧራ ታፍኖ፣ በሙቀት ተቃጥሎ የሚሞተው ግን ማንም ያልነካው ማሽን ነው።

ኮምፒውተር መገጣጠም እወዳለሁ። ደብቄው አላውቅም፤ አላፍርበትምም። ከደመወዜ የተረፈውን ለራም፣ ለኤስኤስዲ፣ ለግራፊክስ ካርድ አውጥቻለሁ፤ ወደፊትም አወጣለሁ። ሌላው ቅዳሜውን በፈለገው ያሳልፍ፤ የእኔ ቅዳሜ ክዳኑ በወለቀ ኬዝ ፊት ነው። ለምን ቢሉኝ ደስ ስለሚለኝ ነው። በእጄ የገጠምኩት ማሽን መጀመሪያ ሲነሳ፣ ፋኑ ሲዞር፣ ስክሪኑ ላይ የማዘርቦርዱ ስም ብቅ ሲል የሚሰማኝን ነገር በሌላ አልለውጠውም። እኛ ዘንድ ግን ደስታ ብቻውን ከቆመ ይከሰሳል። «ለጨዋታ ይህን ሁሉ ብር?» ይባላል። ለአንድ ቀን ድግስ ብድር የሚገባ ሰው ለዓመታት በሚያገለግል ማሽን ላይ የወጣን ብር «ብክነት» ሲለው እሰማለሁ፤ ደሜ ይፈላል።

ጨዋታ ነው ካላችሁ እሺ፣ ጨዋታው የሚያስተምረውን እዩ። አንድ የሰፈር ልጅ ባገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ላይ ግራፊክስ ካርድ ልጨምር ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው ፓወር ሰፕላዩ ስንት ዋት ይችላል የሚለውን ነው። ከመሥሪያ ቤት የወጡት የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ 300 ዋት አይሞላም። ካርዱ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ሊስብ የሚችለው ደግሞ ቢበዛ 75 ዋት ነው። ስለዚህ የተለየ የኃይል ገመድ የማይጠይቅ ካርድ መፈለግ አለበት፦ 60 ዋት የሚበላውን ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ወይም 75 ዋት የሚበላውን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ። ኬዙ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ አጭሩን ካርድ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ አስልቶ ብሩን የሚያወጣ ልጅ ዋትና ቮልት ለፈተና ተሸምድደው የሚረሱ ነገሮች አይሆኑበትም። ቢሳሳት የሚቃጠለው የራሱ ብር ነውና ያስባል። የትኛው የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ነው እንዲህ የሚያሳስበው?

ጅማ ላይ ደግሞ የሚማረው ይበዛል። ክረምታችን ረጅም ነው፤ እርጥበቱ ቤት ይገባል፤ የራሙ ወርቃማ ጥርሶች ቀስ እያሉ ይጠቁራሉ። ማሽኑ ሲከፈት ይጮኻል እንጂ ስክሪኑ አይበራም። ባለቤቱ «ሞተ» ይላል። ራሙን ነቅሎ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ ብሎ ጠርጎ መልሶ የሚሰካ ልጅ ያስነሳዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ሲለቀምና ሲፈለፈል ደግሞ ደቃቅ አቧራና ገለባ በየቤቱ ይበርራል፤ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች ይደፈናሉ፤ ከሥር ያለው ቴርማል ፔስት ይደርቃል፤ ማሽኑ ግሎ ራሱን ያጠፋል። ያንን በብሩሽ ጠርጎ አዲስ ፔስት መቀባት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክቱን እየሠራ ላፕቶፑ በመሃል ሲጠፋበት «ቫይረስ ነው» ተብሎ ፎርማት ይደረግለታል። በፎርማት አቧራ አይጠረግም! ሥራውን አጥቶ፣ ፋይሉ ጠፍቶ፣ አቧራው ግን እዚያው ነው።

መብራቱንም ላንሳ። ጊልጌል ጊቤ አንድ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው፣ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው፤ በ1996 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለውጭ የቢትኮይን ኩባንያዎች ኃይል ሸጦ ዶላር እንደሚያገኝ በይፋ ተናግሯል። እኛ ሰቶ ሰመሮ ላይ ደግሞ መብራቱ ሲመለስ ቮልቴጁ እንዳይዘል ፈርተን ሶኬት እየነቀልን እንጠብቃለን። ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ መሆኑን ያወቅነው ከፍተን ስላየን ነው። ለዚህም ነው ማሽን የሚገጥም ልጅ ከግራፊክስ ካርድ በፊት ለጥሩ ፓወር ሰፕላይና ለስታቢላይዘር ብር እንዲያወጣ የምወተውተው። ላዩ ላይ «500 ዋት» ተለጥፎበት ውስጡ ባዶ የሆነውን ርካሽ ሳጥን በእጃችሁ መዝኑት፤ ቅለቱ ያጋልጠዋል።

ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ የሚቻለው በሩ አንድ ጊዜ ስለተከፈተ ነው። አይቢኤም በነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ ውስጡን አልቆለፈውም። ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው ማስገቢያዎች ነበሩት፤ የአሠራሩ ዝርዝር መመሪያም ለፈለገ ሁሉ ይሸጥ ነበር። በዓመቱ ኮምፓክ ከእሱ ጋር የሚስማማ ማሽን አስተዋወቀ፤ ሌሎች ተከተሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን፣ የማዘርቦርድን መጠንና የብሎን ቀዳዳ ቦታ ሳይቀር የሚወስነውን ደረጃ አወጣ። ታይዋን የተነደፈ ማዘርቦርድ፣ ቻይና የተቆረጠ ኬዝና ኮሪያ የተመረተ ራም ጅማ ላይ ተገናኝተው የሚሠሩት እንዲህ ባሉ የጋራ ደረጃዎች ምክንያት ነው። ኩባንያዎቹ ግን ይህን በር ለመዝጋት አርፈው አያውቁም። የኦፕቲፕሌክስ 7010 ትልቁ ኬዝ የተለመደውን ባለ 24 ፒን የኃይል ገመድ ይቀበል ነበር፤ ከእሱ በኋላ የወጣው 9020 ባለ 8 ፒን የራሱን ገመድ ይዞ መጣ። ፓወር ሰፕላዩ ሲሞት ማዛመጃ ገመድ ካልተገኘ በቀር ከገበያ ያገኘኸውን አትገጥምበትም። ኤችፒም በኢሊትዴስኮቹ ላይ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። ራሙ ከነጭራሹ ቦርዱ ላይ የተበየደባቸው ላፕቶፖች ደግሞ ከዓመት ዓመት እየበዙ ነው። እነሱ ለትርፋቸው ይዘጋሉ። እኛ ግን ተከፍቶ የመጣልንን ሳይቀር በገዛ እጃችን እየዘጋን ነው።

ጎረቤቴ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ሥራ ነው። አንድ ቀን ጠሩኝና «ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተር አብቅቶለታል፤ አዲስ ግዢ ብለውኛል፤ እስቲ አንተ ደግሞ እየው» አሉኝ። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ኢንተርኔቱ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ገጽ አይከፍትም፤ ዊንዶውሱ እስኪነሳ ቡና ይፈላል። ክዳኑን አወለቅን። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አልቃለች። ሦስት ቮልት ነች፤ ማሽኑ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ነች። ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የደኅንነት ማረጋገጫ ጊዜው አይገጥምም፤ ስለዚህ ኢንተርኔቱ ይዘጋል። ባትሪዋን ቀየርናት። አሮጌውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አውጥተን በሳታ ገመድ የሚሠራ ኤስኤስዲ ገጠምን። ሃርድ ዲስኩ በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት ገደማ ቢያነብ ነው፤ ይሄኛው እስከ 550 ይደርሳል። ከፍጥነቱም በላይ ፋይል ፍለጋ ወዲያ ወዲህ የሚል መርፌ የለውም። ማሽኑ ተነሳ። «ይኸው ነው?» አሉኝ። ይኸው ነው፣ እትዬ። ለዚህ ነው አዲስ ማሽን ሊያስገዟቸው የነበረው። እኚህ ሴት ብድር ሊገቡ ነበር!

ክዳን የማይከፍት ሕዝብ የሚታለልበት መንገድ ብዙ ነው። «ኮር አይ 7 ነው» ይባላል፤ የስንተኛው ትውልድ እንደሆነ አይነገርም፤ ገዢውም አይጠይቅም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን አይ 7 2600 በ2022 የወጣው አይ 3 12100 በሰፊው ይቀድመዋል። ከላይ የተለጠፈው ቁጥር ትልቅ ስለሆነ ብቻ አሮጌው በውድ ይሸጣል። ግራፊክስ ካርድም እንዲሁ፤ የድሮ ካርድ ባዮሱ ተለውጦ «1050 ቲአይ» ነኝ እያለ ይዋሻል። ጂፒዩ ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኖ ቺፑን ያየ ልጅ ግን አይታለልም። ሌባ የሚፈራው እንዲህ ያለውን ልጅ ነው። ወላጆች ሆይ፣ «ጌም አበላሸው» የምትሉት ልጅ በሰፈራችሁ ከዚህ ዝርፊያ ሊያድናችሁ የሚችል አንድያ ሰው ሊሆን ይችላል። ለሴት ልጃችሁም ካቻቢቴ ስጧት፤ ራም ለመሰካት ጡንቻ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የተረጋጋ እጅ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ስቶሩ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ትምህርት ቤት ስቶር ገብቼ ያየሁትን ልናገር። ሲስተም ዩኒት ከወለል እስከ ኮርኒስ ተደርድሯል። አንዳንዱ በእርዳታ የመጣ፣ አንዳንዱ በበጀት የተገዛ። እርጥበት ጠጥቶ፣ የሸረሪት ድር ለብሶ። ከግድግዳው ማዶ አይሲቲ የሚማሩ ልጆች በአንድ ስክሪን ዙሪያ ተኮልኩለው አንዱ ማውዝ ሲይዝ ሌላው ያያል። ክፈቱልኝና ልሞክር ስል ስቶር ያዡ አንገታቸውን ደፉ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣ እኔ በቁጥር ነው የተረከብኩት፤ በቁጥር ነው የማስረክበው» አሉኝ።

በሽታው ያለው እዚህ ነው። የመንግሥት ንብረት በሞዴል 19 ይገባል፤ በሞዴል 22 ይወጣል። ኬዙ ላይ የንብረት ቁጥር ተለጥፏል። መዝገቡ የሚቆጥረው ሳጥን እንጂ ሥራ አይደለም። ፓወር ሰፕላዩ ከተቃጠለ ማሽን ራሙን አውጥተህ ራሙ ለሞተበት ብትሰጥ ከሁለት ሙት አንድ ሕያው ታገኛለህ፤ በኦዲት ዓይን ግን ከአንዱ ንብረት ላይ ዕቃ ጎደለ። ስለዚህ ሁለት ሙት ማሽን ሙሉ አካሉ ተጠብቆ ቢበሰብስ ማንም አይጠየቅም፤ አንዱን አፍርሶ ሌላውን ያዳነ ሰው ግን ይጠየቃል! ከዚያ ዓመታት ያልፉና የማስወገድ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ጨረታ ይወጣል፤ ሁሉም በጅምላ ይሸጣል። የተማሪ ዕድል ነው እንዲህ በጅምላ የሚሸጠው። ደንቡን የጻፈው ሰው ማሽን ከፍቶ አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ «ለመለዋወጫ የዋለ» የሚል አንድ ዓምድ መዝገቡ ላይ ይጨምር ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነው። አንድ ዓምድ!

በሐምሌ 2016 ዓ.ም አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች የሚለው መርሐ ግብር ተጀመረ። በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ ጨመረ። ሁለቱንም እደግፋለሁ። ግን ኮዱ የሚጻፈው በምን ላይ ነው? የአጋሮ ልጅ ማውዝ የሚለማመደው የት ነው? በየስቶሩ በቁልፍ ተቆልፎ በተቀመጠው ላይ ነው መለማመድ የነበረበት። ስልክ አለ አትበሉኝ፤ በስልክ ያየ ሰው አየ እንጂ አልሠራም።

2018 ዓ.ም ደግሞ ከሌላው ዓመት ይለያል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ማሽኖች በመደበኛነት የሚቀበለው ከጥቂት ሞዴሎች በቀር ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትንና ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል ያላቸውን ብቻ ነው፤ 8ኛው ትውልድ ገበያ ላይ የዋለው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ጤነኛውም ጭምር፣ በአንድ ቀን «አሮጌ» ተባለ። ብዙ መሥሪያ ቤት አሁን እነዚህን ማሽኖች ወደ ስቶር ሊወረውር ነው። አትወርውሩ! ሊኑክስ ሚንትና ኡቡንቱ በነፃ ይጫናሉ፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ አማርኛው ያለ ችግር ይጻፋል፤ አፋን ኦሮሞውም እንዲሁ። ስምንት ጊጋ ባይት ራምና ትንሽ ኤስኤስዲ የተጨመረበት የ2012 እ.ኤ.አ. ኦፕቲፕሌክስ ለፕሮግራም መጻፊያ፣ ለሰነድ፣ ለንባብ ከበቂ በላይ ነው።

ዋጋው ያማል፤ እሱን አልክድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ትናንት ያሰብነው ክፍል በማግስቱ ሌላ ዋጋ ሆነ። አሁን ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ማዕከላት የዓለምን ራም እየጠጡት ነው። ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ አምራች ለተራ ሸማች ራምና ኤስኤስዲ ይሸጥበት የነበረውን ክሩሻል የተባለውን ስያሜ እንደሚያቋርጥ አስታወቀ፤ ለትልልቆቹ ደንበኞች ቅድሚያ መስጠት እንደፈለገም አልደበቀም። ትልልቆቹ ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ታዲያ መንግሥታችንስ? የመገጣጠም ጥቅም አልገባውም እንዳልል ገብቶታል፤ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡን ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተሠርቶ ለሚገባው 15 በመቶ ብሎ ወስኗል። ትክክል ነው፤ ሥራው እዚህ ይሠራ፣ እጁም እዚህ ይሠልጥን ማለት ነው። ያው ሐሳብ ጠረጴዛው ላይ ማዘርቦርድ ለሚገጥመው የጅማ ልጅ ለምን አይደርስም? ፋብሪካ ስላልሆነ? ለመለዋወጫ ራም፣ ለኤስኤስዲ፣ ለፓወር ሰፕላይ ቀረጡም ታክሱም ይነሳ። መኪና የሚገጣጥመው መሐንዲስ የሚወጣው ከዚያ ጠረጴዛ ነው።

«አፍሪካን የቆሻሻ መጣያ ልታደርጉ ነው» የሚሉኝም አሉ። ያገለገለ ኮምፒውተር በኮንቴይነር ሲገባ ከፊሉ ሙት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ሙቱን ከሕያው ማን ይለይልን? ወደቡ ላይ ማኅተም የሚመታው አይደለም። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ማንም የጣለውን ብረት መዝኖ፣ ለይቶ፣ ቆርጦ ለአዲስ ሥራ የሚያውል ገበያ ነው፤ ያ ዕውቀት ያለው ሰው ቆሻሻ በቀላሉ አይሸጥለትም። የሚፈራው ብዙ የከፈቱ እጆች መኖራቸው ሳይሆን አለመኖራቸው ነው።

የከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የጅማና የአካባቢው ርእሰ መምህራን፣ ንብረት ክፍሎች፦ ያንን አንድ ዓምድ መዝገባችሁ ላይ ጨምሩና ስቶር ያዡን ከፍርሃት አውጡት። ለየትምህርት ቤቱ አንድ ጠረጴዛ፣ የተበላሸ ማሽን የሚፈታበት፣ ስድስትና ሰባት ልጅ የሚከብበው፣ አንድ መምህር የሚቆምበት ቦታ ስጡ። ከስቶሩ የሚወጣው የመጀመሪያው ማሽን ባይነሳ ሁለተኛው ይነሳል። እናንተ ወጣቶች ደግሞ ፈቃድ እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ፤ ቤታችሁ ያለውን ከሶኬት ንቀሉ፣ ክዳኑን አውልቁ፣ ጥረጉት፣ ስሙን የማታውቁት ክፍል አንድ እንኳ አታስቀሩ።

ክረምቱ ገብቶ እርጥበቱ የቀረውን ከመብላቱ በፊት ስቶሩን ክፈቱልን፤ ካቻቢቴውን እኛ ይዘን እንመጣለን።